«ሙስሊም ነሽ?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሳዑዲ ነው። 26 ዓመቴ ነው፤ እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ደላላው ‹ክርስቲያን ሆነሽ ቶሎ ሥራ አታገኚም› ስላለኝ ፓስፖርቴ የወጣው በሙስሊም ስም ነው። ማተቤን የበጠስኩት ቦሌ አየር ማረፊያ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው፤ መቀስ ስላልነበረኝ በጥርሴ። መጣሉን ግን እጄ እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬ በላስቲክ ጠቅልዬ ከዱቄት ሳሙናው ካርቶን ሥር ደብቄዋለሁ።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ማዳም ‹ሙስሊም ነሽ?› አለችኝ። ‹አዎ› አልኳት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አትመታኝም። የአራት ወር ደመወዜን ግን እስካሁን አልሰጠችኝም። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ልብስ የምተኩስበት ክፍል ገብቼ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጅ ሳማትብ አየችኝና ለእናቷ ነገረቻት። ማዳም ምንም አላለችኝም፤ ግን ከዚያ ወዲህ አስተያየቷ ተለውጧል።

ቤተሰቦቼ ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ናቸው። ታላቅ ወንድሜ በዚያው ቀረ። ታናሽ እኅቴን በኢሞ ሳገኛት ‹ጸልዪ› ብላት ‹ያን ዕለት አምላክሽ የት ነበር?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። በዚህ መሐል አንድ ሰባኪ ‹በሰው ፊት የሚክደኝን እኔም በአባቴ ፊት እክደዋለሁ› የሚለውን ሲያስተምር ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ። ክጃለሁ? ለማዳም እውነቱን ልንገራት? ለእኅቴስ፣ እኔ የካድኩት፣ በምን አፌ ስለ እግዚአብሔር ልመስክርላት?

ማተቧን የደበቀችው»

እኅቴ፣

መጀመሪያ የጻፍኩልሽን መልስ ቀድጄ ጣልኩት። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያውቃል» የሚል ነበር። እንቅልፍ የነሳሽን ነገር «ምንም አይደለም» ብልሽ አንቺም አታምኚኝም፣ እኔም እዋሽሻለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ስለዚህ በግልጽ ልንገርሽ። አዎ፣ ክደሻል። በሦስተኛው ቀን ለማዳም የመለስሽላት ቃል ክህደት ነው። ሌላ ስም ብሰጠው፣ ሌሊት ተነስተሽ የምታለቅሽው በከንቱ ነው ማለት ይሆንብኛል፤ በከንቱ አይደለም።

አሁን ግን ሰባኪው ያነበበውን ምዕራፍ አንቺው ራስሽ ከፍተሽ አንብቢው። ማቴዎስ 10 ነው። ጌታ ያን ቃል የተናገረው ለዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ነው፤ ስማቸው በምዕራፉ መጀመሪያ አንድ በአንድ ተጽፏል፤ ቀዳሚው ጴጥሮስ ነው። ቁጥር 33ን በገዛ ጆሮው ሰምቷል። ሰምቶም ካደ። ያውም ሰይፍ ተመዞበት ሳይሆን፣ በሊቀ ካህናቱ ግቢ አንዲት ገረድ ጠይቃው ነው የጀመረው። ብርድ ነበርና ሰዎቹ ፍም አንድደው ይሞቁ ነበር፤ እሱም አብሯቸው ቆሞ እየሞቀ ደገመው፣ ሠለሰው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ያን ፍም አልረሳውም። ምዕራፍ 21 ላይ፣ ከትንሣኤ በኋላ፣ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሌላ ፍም ያሳየናል፤ ዓሣ በላዩ ተቀምጧል፣ እንጀራም አለ። ጌታ በዚያ ፍም አጠገብ ጴጥሮስን «ለምን ካድከኝ?» አላለውም። «ትወደኛለህን?» አለው፤ ሦስት ጊዜ፣ በካደው ልክ። ከዚያም በጎቹን አደራ ሰጠው። ቁጥር 33ን የተናገረውና ይህን ያደረገው አንዱ ጌታ ነው። ሰባኪው ሁለቱን አያይዞ ቢያስተምርሽ ኖሮ ዛሬ ትተኚ ነበር፤ ይህን ሳስብ ያናድደኛል።

ሌላም ጴጥሮስ አለ። ኅዳር 29 የምናስበው፣ ተፍጻሜተ ሰማዕት (የሰማዕታት ፍጻሜ) የምንለው፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት። የዲዮቅልጥያኖስ ስደት እ.ኤ.አ. በ303 ሲጀምር አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ፣ መጻሕፍት ተቃጠሉ፣ ክርስቲያኑ ለጣዖት እንዲሠዋ ተገደደ። የጸናው ጸና፣ የወደቀው ወደቀ። የወደቁት ተጸጽተው ሲመለሱ «እናንተማ ክዳችኋል» ብሎ በር የዘጋባቸው አልጠፋም። አባ ጴጥሮስ ግን እ.ኤ.አ. በ306 ቀኖና ጻፈላቸው። ሁሉንም በአንድ ሚዛን አልመዘነም። ተገርፎ፣ ሥጋው አልችል ብሎት የወደቀውን ለብቻ፣ ምንም ሳይነካ የወደቀውን ለብቻ አየ። የሸሹትን አልነቀፈም። ገንዘብ ከፍለው ያመለጡትንም አልነቀፈም። ጌቶቻቸው «በእኛ ፋንታ ሂዱና ሠዉልን» ብለው የላኳቸው ክርስቲያን ባሮች ነበሩ፤ በሰው እጅ ያሉ ናቸውና ለእነሱ የአንድ ዓመት ንስሐ ሰጣቸው፤ ለላኳቸው ጌቶች ግን የ3 ዓመት። ይህችን ቀኖና በጻፍኩልሽ ቁጥር ያ ደላላሽ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። እንጀራ ፈላጊዋን ልጅ «ስምሽን ለውጪ፣ ማተብሽን በጥሺ» ያለ ሰው ከአንቺ የሚበልጥ ዕዳ አለበት። አባ ጴጥሮስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ311 ስለ ሃይማኖቱ አንገቱን ተሰየፈ። ለወደቁት የራራው እስከ ሞት የጸናው ሰው ነው።

ስለዚህ ክደሻል፤ መመለሻም አለሽ። ንስሐ አባት ካለሽ ደውይላቸውና የሆነውን ሁሉ ንገሪያቸው፤ ስሙን፣ «አዎ» ያልሽውን፣ በጾም የቀረበልሽን ሥጋ መብላትሽንም ካለ። ምን ማድረግ እንዳለብሽ እሳቸው ያዝዙሻል፤ በአካል የሚፈጸመው ስትመጪ ይፈጸማል። የክርስትና ስምሽ በወረቀት መለወጡ ግን ይህን ያህል አያስጨንቅሽ። አናንያ፣ ሚሳኤልና አዛርያ ባቢሎን ሲወርዱ ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ተብለዋል፤ ከነዚያው የባዕድ ስሞች ጋር ነው ወደ እሳቱ የገቡት። አስቴርም ወገኗን እንዳትናገር መርዶክዮስ አዝዟት ዘመን ዝም ብላለች።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብለሽ ስሚኝ። ለማዳም ሄደሽ አትናገሪ። በዚያ ሀገር ከእስልምና መውጣት በሕግ እጅግ ከባድ ነገር ነው፤ ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) ላይ ሃይማኖትሽ እስልምና ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ፣ «ክርስቲያን ነኝ» የምትዪው ቃል አንቺ እንደምታስቢው ብቻ ላይሰማ ይችላል። በ2004 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ጅዳ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ተሰብስበው የሚጸልዩ 35 ኢትዮጵያውያን ተይዘው ነበር፤ 29ኙ ሴቶች፣ እንዳንቺ ያሉ ሠራተኞች። ወራት ከታሰሩ በኋላ ከሀገር ተባረሩ። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ ቡናዬን አፍልቼ፣ «ሂጂና መስክሪ» ብዬ አንቺን ወደዚያ የምገፋ ሰው አልሆንም። አባ ጴጥሮስም ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸውን ወደ መከራ የወረወሩትን ሰዎች አላበረታታም፤ «ወደ ፈተና እንዳትገቡ ጸልዩ» የሚለውን የጌታን ቃል ነው ያስታወሳቸው።

በሊቢያ የተሠዉት ወገኖቻችን ትዝ ይሉኛል። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ የዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ያ ቪዲዮ ሲወጣ ይህች ከተማ እንዴት እንደ ሆነች መቼም አልረሳውም። ሀገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። እነዚያ ልጆች ለስብከት አልወጡም። እንዳንቺ እንጀራ ፍለጋ ነው የወጡት፤ ባሕሩን ተሻግረው፣ ሠርተው፣ ለእናታቸው ብር ሊልኩ። ሞትን አልፈለጉትም፤ እሱ መጥቶ አገኛቸው። በግእዝ ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው። ምስክር ተጠርቶ ነው የሚቆመው እንጂ ዳኛው ሳይጠራው ችሎት ሰብሮ አይገባም።

«ብትጠይቀኝስ?» ትያለሽ። ልጅቷ ነግራታለችና ትጠይቅሽ ይሆናል። «ሌሊት ምን ትሠሪያለሽ?» ካለችሽ «እናቴ እንዳስተማረችኝ ለእግዚአብሔር እጸልያለሁ፤ ስለ ቤተሰቤ አለቅሳለሁ» በያት። አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። ዝም ማለትም ክህደት አይደለም። ያኔ በፍርሃት ያልሽውን «አዎ» ግን ዳግመኛ በፈቃድሽ አትጨምሪበት፤ ወሬውን ማዞር፣ ሥራ ማንሳት፣ ዝም ማለት ትችያለሽ። ከዚያ አልፎ ፊት ለፊት የምትፋጠጪበት ሰዓት ቢመጣስ? የሚባለውን እኔ አልደርስልሽም። ያው ማቴዎስ 10 ቁጥር 19 «በዚያች ሰዓት ይሰጣችኋል» ይላል፤ ለዚያች ሰዓት ዛሬ ላይ ሆነሽ አትጨነቂ። አሁን ማድረግ የምትችዪው ሌላ ነው። የፓስፖርትሽን፣ የኢቃማሽንና የውልሽን ፎቶ አንሥተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ። የሪያዱን ኤምባሲ ወይም የጅዳውን ቆንስላ ስልክ በቃልሽ ያዢ፤ ስልክ ሊወሰድ ይችላል። ውልሽ ሲያልቅ አታድሺ። ቁጥር 23 «በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዱአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ይላል፤ ይህም ትእዛዝ ነው።

የአራት ወር ደመወዝሽንም ጠይቂ። ክርስቲያን ነኝና ልቻለው፣ ልተወው እንዳትዪ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ጽፏል። የትኛው ወር እንደ ተከፈለሽ፣ የትኛው እንደ ቀረ፣ ቀኑን በደብተር ጻፊ። ውልሽ በሙሳነድ፣ በሳዑዲ መንግሥት የቤት ሠራተኞች ውል መመዝገቢያ፣ የተመዘገበ ከሆነ ይህንንም ለኤምባሲው ንገሪ። የኔ ብጤ ሴቶች እያፈርን የተውነው ገንዘብ ስንት ቤት በሠራ ነበር።

ማዳምን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ክፉ አይደለችም ብለሻል፤ አምኜሻለሁ፤ ጠላት አድርገሽ አትያት። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 ላይ ከእስራኤል ተማርካ የተወሰደች አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ የሶርያው ጦር አለቃ የንዕማን ሚስት ገረድ። እንዳንቺ በሰው ቤት፣ እንዳንቺ ከሀገሯ ርቃ። እሷ እንኳ ሠርታ ልትመለስ አልሄደችም፤ በዘማች እጅ ተይዛ ነው። ጌታዋ ለምጽ ወጣበት። ልጅቱ «ደግ አደረገው» አላለችም፤ ስለ ሃይማኖቷም ክርክር አልከፈተችም። «ምነው ጌታዬ በሰማርያ ወዳለው ነቢይ በሄደ፤ በፈወሰው ነበር» ብላ ለእመቤቷ ተናገረች። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ንዕማን ሄዶ ተፈወሰና ሲመለስ ኤልሳዕን አንድ ነገር ጠየቀው፦ ጌታዬ ንጉሡ በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ እጄን ተደግፎ ነውና እኔም አብሬው ጎንበስ እላለሁ፤ እግዚአብሔር ይህን ይቅር ይለኝ ይሆን? ነቢዩ አልገሠጸውም። «በደኅና ሂድ» አለው። ሌሊት እዚያ ልብስ መተኮሻ ክፍል ውስጥ ስትቆሚ ይህን ምዕራፍ አስቢው።

ደግሞ የምትኖሪበት ሀገር ሰው ሐበሻን በነጃሺ፣ በአክሱሙ ንጉሥ፣ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው አክሱም የገቡት ሙስሊሞች በንጉሡ ፊት ስለ ኢየሱስ ሲጠየቁ፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ንጉሡን ለማስደሰት ያላመነውን እንዳልጨመረ ሙስሊሞች ይተርካሉ። የማርያምን ሱራ አነበበ፣ የሚያምነውን ተናገረ፤ ክርስቲያኑ ንጉሥም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ስደተኛ በሰው ሀገር ሲጠየቅ እንዴት እንደሚመልስ እነሱም ያውቁታል።

አሁን ወደ እኅትሽ። ከሁሉ በላይ የከበደኝ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም እኔም እዚህ ላይ በድያለሁ።

ቤሩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎቼ 14 ወር አልከፈሉኝም፤ የምተኛው ከኩሽና ጋር በተያያዘ በረንዳ ላይ ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ዝናቡ በመስኮቱ ፍንጣቂ ገብቶ ፍራሼን ያርሰዋል። በወር አንዴ ስልክ ሲፈቀድልኝ እናቴን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ረድቶኝ ጥሩ ቤት ነው የገባሁት» እላታለሁ። ምስክርነት የሚመስለኝ ይህ ነበር። መከራዬን ከተናገርኩ እግዚአብሔርን ያሳጣሁት ይመስለኛል። የአክስቴ ልጅ ይህን እየሰማች አደገችና በኔ መንገድ፣ በኔው ደላላ ተከትላኝ መጣች። በስምንት ወሯ በክራንች ተመለሰች። «አንቺ ደኅና ነኝ አላልሽም እንዴ?» አለችኝ አየር ማረፊያ ስሸኛት። እስከ ዛሬ ስታነክስ ባየሁ ቁጥር ያ ቃሏ ይሰማኛል።

በሀገራችን ወግ ምስክርን እማኝ እንለዋለን። እማኝ እና አማኝ ከአንድ ሥር፣ «አመነ» ከሚለው፣ የወጡ ናቸው። ሽማግሌዎች ፊት የቆመ እማኝ ያየውን ይላል፤ ያላየውን «አላየሁም» ይላል። ለወዳጁ አስቦ ያላየውን የጨመረ እንደሆነ ወዳጁን ጠቅሞ አይደለም የሚወጣው፤ ሐሰተኛ ተብሎ ነው። እኔ ለእግዚአብሔር አስቤ ያላየሁትን መሰከርኩ። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለ ጠበቃ አይፈልግም። የኢዮብን ወዳጆች ተመልከቻቸው። ከመጡ በኋላ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ያን ጊዜ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ስለ እግዚአብሔር ሲከራከሩ፣ መከራው ምክንያት እንዳለው ሲያስረዱ፣ ብዙ ምዕራፍ ደከሙ። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም» ብሎ በእነሱ ላይ ነው። የጮኸው፣ የወቀሰው፣ «ለምን?» ያለው ኢዮብ ቅን ተባለ።

እኅትሽ «ያን ዕለት አምላክሽ የት ነበር?» ስትልሽ የሰማሽው ክህደት መስሎሻል። እኔ የሰማሁት መዝሙር 41 ነው፤ «ዘወትር ‹አምላክህ ወዴት ነው?› ባሉኝ ጊዜ እንባዬ ቀንና ሌሊት ምግብ ሆነኝ» የሚለው። ያ ጥያቄ ዳዊት ውስጥ አለ፤ ካህናቱ በየቀኑ ይደግሙታል። ልጅቷ ወንድሟን ያጣችበትን ቀን አይታለች፤ አንቺ አላየሽም፤ እኔም አላየሁም። ያየችው እሷ ናት፤ በዚያ ቀን ላይ እማኟ እሷ ናት። ስለዚህ መልስ አትፈልጊላት። «አላውቅም፤ እኔም ሌሊት እሱኑ እጠይቀዋለሁ» በያት። እውነትሽን ነው፤ ሌሊት ስትቆሚ ሌላ ምን ትያለሽ?

«ጸልዪ» የሚለውንም ለጊዜው ተዪው። ምን በልታ እንደ ዋለች ጠይቂያት። ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ብርድ ልብሳቸው ስንት እንደ ሆነ፣ እናታችሁ በየትኛው በኩል እንደምትተኛ ጠይቂ። ስለ ወንድማችሁ አስወሪያት፤ ስለ አሟሟቱ ሳይሆን ስለ እሱ። ምን ያስቀው እንደ ነበር፣ ለእሷ ምን እንደሚያመጣላት። ፍትሐት ተደርጎለት ከሆነ ጠይቂ፤ ካልተደረገለት የክርስትና ስሙን ላኪና እዚያው ደብረ ብርሃን ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ይደረግለት፤ ብር ብትልኪ ለዚህ ላኪ። ሰው ሞቶበት ያልቀበረ ቤተሰብ በምን ልቡ ይጸልያል?

ከዚያ አንድ ቀን፣ ልጅቷ ትንሽ ስትረጋጋ፣ ቦሌ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሆነውን ንገሪያት። ማተብሽን በጥርስሽ እንደ በጠስሽው፣ መጣል እንዳቃተሽ፣ ማዳም ስትጠይቅሽ እንደ ካድሽ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚያስነሳሽ። «እኔ የካድኩት በምን አፌ?» ብለሻል፤ በዚያው በካደው አፍሽ ነው። ጴጥሮስም የመሰከረው በዚያው በካደበት አፉ ነው። እሷ የምታውቅሽ ብር የምትልክ፣ «ጸልዪ» የምትል ጠንካራ ታላቅ እኅት ሆነሽ ነው፤ የወደቀች እኅት እንዳለቻት አታውቅም። ይህን ስትሰማ ምን እንደምትልሽ ልተነብይልሽ አልችልም። ትቆጣ ይሆናል፣ ስልኩን ትዘጋው ይሆናል። ያየሽውን ግን ትሰማለች። ካንቺ የሚፈለገው ይኸው ነው።

ማተብሽን አሁን አታውጪው፤ እዚያው ሳሙናው ካርቶን ሥር ይቀመጥ። ውልሽን ጨርሰሽ ስትመለሺ ያንኑ ክር ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፤ አዲስ እንዳትገዢ።

እስከዚያው የክርስትና ስምሽን ጻፊልኝ፤ በፓስፖርቱ ያለውን አይደለም። የእኅትሽንም፣ የወንድምሽንም ጨምሪልኝ። ኅዳር 29 ሌሊት ቅዳሴ እገባለሁ፤ ሦስቱንም በወረቀት ጽፌ ለአባ እሰጣቸዋለሁ።